በእስራኤል የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ወረቀት፦ መዝጋቢው ዳኛ አይደለም

እስራኤል ውስጥ ሁለት ሴቶች መጋባት አይችሉም። የሚስራድ ሀፕኒም (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) መዝገብ ግን ሁለት ሴቶችን «ያገባች» ብሎ ይጽፋል፤ የአንዷንም ስም በሌላዋ ሴፌህ (የመታወቂያ አባሪ ወረቀት) ላይ ያሰፍራል። እነዚህ ሁለት ነገሮች እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ያልገባው ሰው ወረቀቱን ሲያወጣም ሲጠቀምበትም ይሳሳታል። ስለዚህ ከሥሩ እንነሳ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ ከቱርክ ዘመን የተወረሰ ነው። ቱርኮች ጋብቻንና ፍቺን ለየሃይማኖቱ ትተውት ነበር፤ እንግሊዞች እንዳለ አስቀጠሉት፤ የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴትም በ1953 ባወጣው ሕግ የአይሁዶችን ጋብቻና ፍቺ ለራባኑት (የአይሁድ ሃይማኖት መሪዎች ተቋም) ፍርድ ቤቶች አጸናላቸው። ሙስሊሙ በሸሪዓ፣ ክርስቲያኑ በየቤተ ክርስቲያኑ ይዳኛል። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ፈርሞ መጋባት ለማንም የለም። በ2010 የወጣው «ብሪት ዙጊዩት» (የጥንዶች ቃል ኪዳን) የሚባለው ሕግም የሚያገለግለው ሁለቱም ሃይማኖት የለሽ ተብለው ለተመዘገቡ ወንድና ሴት ብቻ ነው። ራባኑት በሩን ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ለቤተ እስራኤል አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በ1985 ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም በሚገኘው የራባኑት ሕንፃ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል የተቀመጡት፣ ለማግባት መጀመሪያ ውሃ ውስጥ መነከር አለባችሁ ተብለው አይሁድነታቸው ጥያቄ ውስጥ ስለገባ ነበር።

መስኮቱ የተከፈተው በ1963 ነው። አንዲት ክርስቲያን ሴትና አንድ አይሁድ ቆጵሮስ ሄደው ተጋብተው ሲመለሱ ሚኒስቴሩ አልመዘግብም አለ። ባጋጽ (ከፍተኛው የፍትሕ ፍርድ ቤት) «ፉንክ ሽሌዚንገር» በሚባለው ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ አጭር ነው፦ የመዝጋቢው ሥራ መረጃ መሰብሰብ እንጂ ጋብቻው ይጸናል አይጸናም ብሎ መፍረድ አይደለም። በደንቡ የተሰጠ የውጭ አገር የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከቀረበለትና ሐሰትነቱ በግልጽ ካልታየ መጻፍ አለበት። ካናዳ የተጋቡ አምስት ጥንዶች ይህንኑ ክር ይዘው ባጋጽ ቆሙ። በኖቬምበር 2006 ሰባት ዳኞች ተቀምጠው ስድስቱ ተስማሙ፤ መዝጋቢው ለወንድና ሴት የሚያደርገውን ለእነሱም ያድርግ ተባለ። ያ «ቤን አሪ» የሚባለው ውሳኔ ነው።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚዘልለው ነገር አለ። የ1965ቱ የሕዝብ መዝገብ ሕግ አንቀጽ 3 መዝገቡ ላይ የተጻፈው ነገር እስኪፈርስ ድረስ እንደ ማስረጃ ይያዛል ይላል። ወዲያው ግን አራት ነገሮችን ያወጣል፦ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ የጋብቻ ሁኔታንና የትዳር ጓደኛን ስም። ስለዚህ «ያገባ» የሚለው ቃል ባንክ፣ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) እና ማዘጋጃ ቤት ብዙ በር ያስከፍታል፤ ሙግት ሲነሳ ግን ራሱን ችሎ አይቆምም። ሲመዘገቡ ሁሉ ነገር ያለቀ የሚመስላቸው ጥንዶች በኋላ በውርስ ወይም በልጅ ጉዳይ የሚደነግጡት ከዚህ የተነሳ ነው። ምዝገባው ያስፈልጋል፤ ግን ከጎኑ ኑዛዜ፣ ውክልናና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል።

መጀመሪያ የት ይጋቡ? ወንድና ሴት የሆኑ ጥንዶች ቅርብ ስለሆነ ቆጵሮስ ይበርራሉ፤ ያየ ሁሉ ይከተላል። ወጥመዱ እዚያ ነው። ቆጵሮስ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የምትሰጠው የአብሮ መኖር ስምምነት እንጂ ጋብቻ አይደለም። መዝጋቢው ደግሞ የሚያየው ወረቀቱ ላይ «ጋብቻ» የሚል ቃል መኖሩን ነው። ገንዘቡን ለዚያ በረራ ከማውጣት ካናዳ ወይም ዴንማርክ ይሻላል። ካናዳ ለመጋባት ነዋሪ መሆንን አትጠይቅም። ዴንማርክም እንዲሁ ናት፤ ግን መጀመሪያ የቤተሰብ ሕግ መሥሪያ ቤታቸው ወረቀታችሁን መርምሮ ማረጋገጫ መስጠት አለበት። ያ ማረጋገጫ የሚያገለግለው ለአራት ወር ስለሆነ ሳይደርሳችሁ ትኬት አትቁረጡ።

ሦስተኛው መንገድ ከሳሎን ሳይወጡ መጋባት ነው። አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት ውስጥ ዩታ ካውንቲ የሚባል አውራጃ አለ፤ ዋና ከተማው ፕሮቮ ነው። በኮሮና ጊዜ የጋብቻ ፈቃዱን ወደ ኢንተርኔት አዛወረው፤ ጥንዶቹ የትም ይሁኑ የትም፣ ሕጉ ጋብቻው ዩታ ውስጥ እንደተፈጸመ ይቆጥረዋል። ሚስራድ ሀፕኒም መጀመሪያ ጥቂቶችን መዝግቦ በ2020 መጨረሻ በሚኒስትሩ በአርዬ ዴሪ ትእዛዝ አቆመ፤ ሰውየው እስራኤል ተቀምጦ ስለተጋባ የእስራኤል ጋብቻ ነው የሚል ነበር ክርክሩ። የሎድ አውራጃ ፍርድ ቤት በጁላይ 2022 ክርክሩን ውድቅ አደረገ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በማርች 2023 የመንግሥትን ይግባኝ ሳይቀበል ቀረ። የ1963ቱ አመክንዮ ነው የሠራው፦ ወረቀቱ የዩታ ነው፣ መዝጋቢው ይጻፍ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ማመልከቻው በአውራጃው ድረ ገጽ ይሞላል፣ ፓስፖርት ይጫናል፣ ክፍያው በካርድ ይከፈላል፣ የፈቃድ ወረቀት ይወጣል። ፈቃዱ አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው የሚቆየው፤ ቀኑን ሳትይዙ አታውጡት። ከዚያ አጋቢው በዙም ይቀርባል፤ ዕድሜያቸው ከ18 በላይ የሆነ ሁለት ምስክሮችም በዚያው ስክሪን ላይ ይታያሉ። ዩታ ከእስራኤል 9 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እስራኤል ምሽት 18:00 ሲሆን እዚያ ጠዋት 9:00 ነው። በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ አካባቢ ግን ሁለቱ አገሮች ሰዓታቸውን በአንድ ቀን ስለማይቀይሩ ልዩነቱ ለጥቂት ጊዜ 8 ይሆናል። በዚያ ሰሞን ቀጠሮ ያለው ሰው ሁለቴ ይቁጠር። ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ የሚያስፈልጋችሁ በኢሜይል የሚመጣው ቅጂ ብቻ አይደለም፤ የተረጋገጠ ቅጂና በላዩ ላይ አፖስቲል (ሰነዱ በሌላ አገር እንዲታመን የሚያደርግ ማረጋገጫ) ያስፈልጋል። አፖስቲሉን የሚሰጠው አውራጃው ሳይሆን ሶልት ሌክ ሲቲ ያለው የግዛቲቱ ምክትል ገዢ ቢሮ ነው። አፖስቲል የሌለው ወረቀት ይዞ ሚስራድ ሀፕኒም የሄደ ሰው በሩ ላይ ይመለሳል። የአውራጃ አሠራር ሊቀየር ስለሚችልም ከመክፈላችሁ በፊት ድረ ገጹን ተመልከቱ።

ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ሌሎች የማያውቁት አንድ ጣጣ አለብን፤ እሱም ስምና የልደት ቀን ነው። ብዙ ሰው በተውዳት ዘኡቱ (በእስራኤል መታወቂያው) ላይ የተጻፈለት ዓመቱ ብቻ ነው፤ ቀኑና ወሩ 00.00 ነው። የውጭ አገር የማመልከቻ ቅጽ 00 የሚባል ወር አይቀበልም። ሰው ምን ያደርጋል? 1 ጃንዋሪ ብሎ ይሞላል። ከዚያ የጋብቻ ወረቀቱ አንድ ቀን፣ መታወቂያው ሌላ ቀን ይዞ ይመጣል፤ ጸሐፊው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ ሰው አንተ ነህ?» ይላል። ስሙም እንደዚሁ ነው፦ ሲመጡ የተሰጠ የዕብራይስጥ ስም፣ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ፣ አንዱ ፓስፖርት ላይ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሌላ ፊደል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ቅጹን ስትሞሉ የምትገለብጡት ከፓስፖርቱ ብቻ ይሁን፣ ፊደል በፊደል። መታወቂያውና ፓስፖርቱ ራሳቸው ካልተስማሙ ግን መጀመሪያ እነሱን አስተካክሉ፤ ሠርጉ ይቆይ። ከዚህ ሌላ ከኢትዮጵያ ሲመጡ «ያገባ» ተብለው የተጻፉና እዚያው የተፋቱ ሰዎች አሉ። የፍቺው ወረቀት እዚህ እስካልገባ ድረስ መዝገቡ ያገባ ነው የሚላቸው፤ ሁለተኛ ጋብቻ ማስመዝገብም አይችሉም።

ምዝገባው ላይ ሁለታችሁም ቅረቡ፤ ቀጠሮ አስቀድማችሁ ያዙ። የያዛችሁት ዋናው የጋብቻ ወረቀት ከነአፖስቲሉ፣ ሁለት ተውዳት ዘኡት ከነሴፌሁ፣ ሁለት ፓስፖርትና የጋብቻ ሁኔታ መለወጫ ቅጽ ይሁን። የዴንማርኩ በብዙ ቋንቋ ስለሚሰጥ አያስቸግርም፤ በሌላ ቋንቋ ብቻ የተጻፈ ግን የኖታሪዮን ትርጉም ይፈልጋል። ጸሐፊው «አይቻልም» ካለ አትከራከሩ፤ እምቢታውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተባለ እምቢታ ፍርድ ቤት ይዞ የሚቀርቡት ነገር አይደለም።

መጋባት ለማይፈልጉ ወይም ለማይችሉ ደግሞ «የዱኢም ባጺቡር» (ሳይጋቡ እንደ ባለትዳር አብረው የሚኖሩ) የሚባለው መንገድ አለ። በእኔ ግምት እስራኤል ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን መብት ከምዝገባው ይበልጥ የተሸከመው ይህ ነው። መጀመሪያ የተፈተነው በ1994 ነው። የኤል አል የበረራ አስተናጋጅ የነበረው ዮናታን ዳኒሎቪች፣ ለሠራተኞች የትዳር ጓደኛ የሚሰጠው ነፃ ትኬት ለወንድ ጓደኛዬም ይሰጠኝ አለ፤ ባጋጽ ፈረደለት። ሌላው ሁሉ፣ ጡረታም ውርስም፣ ከዚያ ትኬት በኋላ አንድ በአንድ የመጣ ነው። አሁን ቢቱዋህ ሌኡሚም (የብሔራዊ መድን ተቋም) ብዙ መሥሪያ ቤቶችም ይህን ሁኔታ ያያሉ። የተወሰነ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ይህን ያህል ዓመት ካልኖራችሁ የሚል አጠቃላይ ሕግ አታገኙም። የሚለካው በአንድ ቤት እንደ ቤተሰብ መኖራችሁ ነው።

ችግሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። ቤተሰብ እንዳያውቅ ብለው የሚኖሩ ጥንዶች ራሳቸው ማስረጃቸውን ያጠፋሉ። ኪራዩ በአንዱ ስም ነው፤ ሌላው በመታወቂያው ላይ አሁንም እናቱ ቤት ነው የተመዘገበው፤ ለአከራዩ «ሹታፍ (የቤት ተጋሪ) ነው» ተብሏል፤ የባንክ ሒሳቡ ለየብቻ ነው። አስር ዓመት አብረው ኖረው አንዱ ሲሞት፣ ሌላው ለቢቱዋህ ሌኡሚ የሚያሳየው ፎቶ ብቻ ይሆናል። ቢያንስ ሁለቱ ስም ያለበት የኪራይ ውል፣ የአርኖና (የማዘጋጃ ቤት ግብር) ወይም የመብራት ሒሳብ፣ አንድ የጋራ ሒሳብና ጠበቃ ፊት የተማለ ተጽሂር (የመሐላ ቃል) ይኑራችሁ። ማንም ሳያይ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጡ። ሌላም አለ፦ ልጅ ያላት ሴት ከጓደኛዋ ጋር እየኖረች «ብቸኛ እናት ነኝ» ብላ የአርኖና ቅናሽና ድጎማ ስትወስድ ከቆየች፣ በኋላ «አብረን ነበርን» ስትል የራሷ ፊርማ ይመሰክርባታል፤ የተቀበለችውንም መልሺ ልትባል ትችላለች።

ውርስ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። የ1965ቱ የውርስ ሕግ አንቀጽ 55 «በአንድ ቤት የቤተሰብ ኑሮ የሚኖሩ ወንድና ሴት» እንደ ባልና ሚስት ይወራረሳሉ ይላል። የናዝሬት አውራጃ ፍርድ ቤት በ2004 ይህ ቃል ሁለት ወንዶችንም ይጨምራል ብሎ ፈረደ። ኑዛዜ ከሌለ፣ የሟች ልጅ ወይም ወላጅ በሕይወት ካለ፣ የትዳር ጓደኛው የቤቱን ዕቃና የቤተሰቡን መኪና ይወስዳል፤ ከቀረው ደግሞ ግማሹን። ልጅ ከሌለ ሌላው ግማሽ የወላጆቹ ነው ማለት ነው፤ ያም ስለ ግንኙነቱ ምንም ያልተነገራቸው እናትና አባት ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያ ላይ አንቀጽ 55 እንዲሠራ ከሁለቱ አንዳቸውም በሞቱ ጊዜ ከሌላ ሰው ጋር በጋብቻ የታሰሩ መሆን የለባቸውም። ያልተዘጋ የኢትዮጵያ ጋብቻ እዚህም ያሰናክላል።

ስለዚህ ኑዛዜ ጻፉ። ሁለቱ ቀላል መንገዶች እነዚህ ናቸው፦ ሙሉ በሙሉ በገዛ እጅ ተጽፎ ቀንና ፊርማ ያለበት፣ ወይም በኮምፒውተር ተጽፎ በሁለት ምስክሮች ፊት የተፈረመ። የመጀመሪያው በኮምፒውተር ተጽፎ በብዕር ከተፈረመ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ላይ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በአንቀጽ 35 ነው፦ ኑዛዜውን ያዘጋጀ፣ የመሰከረ ወይም በአሠራሩ በሌላ መንገድ የተካፈለ ሰው፣ የትዳር ጓደኛውም ጭምር፣ የተናዘዙለትን አያገኝም። ወራሹ ጠበቃውን ደውሎ ቀጥሮ፣ ተናዛዡን በመኪና አድርሶ፣ ክፍያውን ከፍሎ፣ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ከነበረ ለተቃዋሚ ዘመድ ሰፊ ሜዳ ሰጥቷል። ተናዛዡ ብቻውን ይሂድ፤ ከራሱ ካርድ ይክፈል።

ለሆስፒታል ደግሞ ሌላ ወረቀት አለ። በ1996ቱ የሕሙማን መብት ሕግ አንቀጽ 16 መሠረት፣ እናንተ መወሰን ባትችሉ ስለ ሕክምናችሁ የሚወስን ሰው በጽሑፍ መወከል ትችላላችሁ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ንብረትንም የሚጨምር «ዪፑይ ኮአሕ ሚትማሼሕ» (ቀጣይ ውክልና) የሚባል ውክልና አለ፤ ሥልጠና የወሰደ ጠበቃ ያዘጋጀዋል፣ በመንግሥት አስተዳዳሪው ቢሮም ይቀመጣል። አንዱ ራሱን ስቶ የተኛበት ክፍል ውስጥ ወንድምና የትዳር ጓደኛ ሲከራከሩ ሐኪሙ የሚያየው ይህን ወረቀት ነው።

ልጅን በተመለከተ የወለደችው ሴት በራሷ እናት ናት፤ ሁለተኛዋ በምዝገባ ብቻ አትሆንም። የቤተሰብ ፍርድ ቤት «ጻቭ ሆሩት» (የወላጅነት ትእዛዝ) ሊሰጣት ይገባል። ማመልከቻው በእርግዝና ጊዜ ወይም ከወሊድ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ከገባ ትእዛዙ ከልደት ቀን ጀምሮ እንዲቆጠር ማድረግ ይቻላል። ካለፈ ክርክሩ ይረዝማል፤ እስከዚያ እናትየው ብትሞት ልጁ በሕግ ዓይን አንድ ወላጅ ብቻ ነበረው። ለወንዶች በእስራኤል ውስጥ በማህፀን ውክልና ልጅ ማስወለድ የተፈቀደው ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ነው። ጉዲፈቻን በሚመለከት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2023፣ በ1981ዱ ሕግ ያለው «ሰውና ሚስቱ» የሚለው ሐረግ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችንም ይይዛል ብሏል።

ከጥንዶቹ አንዱ የውጭ አገር ሰው ከሆነ፣ አይሁዱ በመመለስ ሕግ የሚገባ ከሆነ ከ2014 ጀምሮ የትዳር ጓደኛው አብሮት ዜግነት ያገኛል። ሌላው ዜጋ ሆኖ እስራኤል የሚኖር ከሆነ ግን ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ሂደት ነው። መንግሥት በ2016 ለባጋጽ በገለጸው መሠረት የተጋቡ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችም በተጋቢዎች መንገድ ይሄዳሉ፤ እሱ አምስት ዓመት ገደማ ሲፈጅ ያልተጋቡት መንገድ ሰባት ዓመት ተኩል ያህል ይወስዳል። ለመጋባት ጥሩ ምክንያት የሚሆነው ይህ ልዩነት ነው። ቃለ መጠይቁ ለየብቻ ነው፤ ማን ቀድሞ ይነሳል፣ ቡናው ያለ ስኳር ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አሜሪካ ላሉት አንድ ነገር ልጨምር፦ ለግሪን ካርድ በዙም ጋብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ በሥርዓቱ ጊዜ ሁለታችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። የስደት ሕጋቸው ተጋቢዎቹ ተለያይተው የተፈጸመ ጋብቻን፣ ከዚያ በኋላ በአካል አብረው ጋብቻውን ካልፈጸሙት፣ አይቆጥረውም።

መለያየት ሲመጣ ራባኑት «እኛ ያላየነውን ጋብቻ አንፈታም» ዓይነት ቦታ ላይ ይቆማል፤ ቶሮንቶ ተመልሶ መፋታትም ለረጅም ጊዜ የአንድ ዓመት ነዋሪነት ይጠይቅ ነበር። ፕሮፌሰርና የቀድሞ የክኔሴት አባል ዑዚ ኤቨን ይህ አጋጥሞት፣ በ2012 የቤተሰብ ፍርድ ቤት ጋብቻውን አፍርሶለት ሚስራድ ሀፕኒምም እንዲመዘግብ አዘዘ። አሁን መንገዱ ይኸው ነው፤ መዝገቡ ላይ «ያገባ» ተብሎ እስከቀረ ድረስ ግን ሌላ ለማግባትም በአንቀጽ 55 ለመውረስም እንቅፋት ነው።

ኢትዮጵያን በተመለከተ ከዚህ ሁሉ ወረቀት አንዱም አይሠራም። የ2000 የቤተሰብ ሕግ የሚያውቀው ባልና ሚስትን ነው፤ የ2004ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ደግሞ ግንኙነቱን ራሱን ወንጀል ያደርገዋል፣ ቅጣቱም እስራት ነው። የጋብቻ ወረቀቱን፣ የጻቭ ሆሩቱን ቅጂም ሆነ የእነዚህ ወረቀቶች ፎቶ ያለበትን ስልክ ይዞ ለጉብኝት መሄድ አስፈላጊ አይደለም። እዚያ ንብረት ያለው ሰው ለጓደኛው ማውረስ ከፈለገ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። የሰውዬው ሙሉ ስም ከተጻፈ ይበቃል፤ ለተናዛዡ ምኑ እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም።